የታሸገው ፖስታና መረጃ ሰጪ ቁጥር ስድስት

ለተከበሩ የርቀት ትምህርት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከጉዳዬ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ ከወንበሩ፣ ዓይንዎ ከወረቀቱ፣ ጆሮዎም ከጸጥታው ጋር ተስማምተው እንደሚውሉ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የቀኝ እጅዎ ደህንነት በዚህ ሳምንት በእጅጉ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እኔ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንደምመልሰው፣ ደህና ነኝ።

በአካል ስለማንተዋወቅ ራሴን ላስተዋውቅ። በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ከአራት ዓመት ወዲህም በተቋምዎ ሶሺዮሎጂ በርቀት የምማር ሴት ነኝ። ከየዋርዱ አንሶላው፣ ጋወኑና የቀዶ ሕክምናው ጨርቅ በትልልቅ ከረጢት ታጭቆ ይመጣልናል፤ እንለያለን፣ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እንተኩሳለን፣ አጥፈን እንመልሳለን። ስምንት ሴቶች ነን፤ ሁላችንም በየሦስት ወሩ በሚታደስ ውል እንሠራለን፤ በላያችን ደግሞ አንድ አለቃ አሉ። ሞጁላችሁ በሠላሳ ገጽ የሚያብራራው ማኅበራዊ መዋቅር እኛ ዘንድ ይኸው ነው፤ አለቀ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ሁለት ጊዜ በፖስታ ጽፌልዎ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የማዕከልዎ ጽሕፈት ቤት ‹ተማሪዋን የሚመለከት› የሚል ማኅተም መትቶ በመሥሪያ ቤቴ በኩል መለሰው፤ ስለዚህ ስለ አለቃዬ የጻፍኩትን አቤቱታ በመጀመሪያ ያነበቡት አለቃዬ ናቸው። ሁለተኛውንማ የፊደል ግድፈቱን በእርሳስ አርመው ነው የሰጡኝ። አሁን ግን ጋዜጣው ረቡዕ ስለሚወጣ እርስዎም እሳቸውም በአንድ ጠዋት ታነቡታላችሁ፤ ማንም ማንን አይቀድምም።

ተቋምዎ አቤቱታ በተራ ቁጥር ይቅረብ ስለሚል በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለ ሞጁሎቹ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያ ዓመት የፍልስፍና መግቢያ ሞጁሌ ገጽ አርባ ስምንት ላይ ‹ሰው በእርግጥ ነጻ ነውን? ለዚህ ጥያቄ የማያሻማው መልስ› ይልና ቀጣዩ ገጽ ስድሳ አምስት ሆኖ የመጻሕፍት ዝርዝር ይጀምራል። ማዕከሉ ድረስ ሄጄ ብጠይቅ አስተባባሪው፣ ትሁት ልጅ ነው፣ ከመደርደሪያው ሌላ ቅጂ አወጣልኝ፤ እሱም ከአርባ ስምንት ወደ ስድሳ አምስት ይዘላል። ጥያቄው ፈተና ላይ መጣ። ‹መልሱን ማተሚያ ቤቱ ያውቃል› ብዬ ልጽፍ ዳድቶኝ ነበር፤ ነጥቡ ያስፈልገኛልና ‹አዎን፣ ሰው ነጻ ነው› ብዬ ጻፍኩ። ትክክል ተብሎ ታረመልኝ፤ እስካሁንም በዚሁ ስተዳደር ቆይቻለሁ።

ሁለተኛ። ስለ እርማቱ ጥራት አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ዓመት ስለ ቤተሰብ ኑሮ ጥናት እንድንጽፍ ታዘዝን። ሞኝ ነኝና የማውቀውን ቤት፣ የራሴን ቤት፣ ጻፍኩ። ባለቤቴ ጎሚስታ መሆኑን፣ አማቴ ከእኛ ጋር እንደሚኖሩ፣ ማን ተቀምጦ እንደሚያዝና ማን ቆሞ እንደሚታዘዝ አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ። ከሠላሳው ዘጠኝ ብቻ አገኘሁ። በቀይ እስክሪብቶ ‹ተመራማሪ ራሱን እንደ ማስረጃ አያቀርብም። የራስዎን ታሪክ ለጎረቤትዎ ይንገሩ፤ ለእኛ መረጃ ሰጪ ያቅርቡ› ተብሎበት ነበር። ትምህርት የገባኝ ያን ቀን ነው። በእኔ ላይ የደረሰ ነገር እኔ ስናገረው ወሬ ነው፤ ሌላ ሰው ሲናገረው ግን ዕውቀት ይሆናል። ይህችን ቀይ መስመር እባክዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ተመልሼ እመጣባታለሁ።

ሦስተኛ። ስለ አድራሻዬ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ስመዘገብ ለቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ፈቃድ እንዳገኝ ከመሥሪያ ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤ አምጥቼ ነበር። አለቃችን ፈርመው ሲሰጡኝ ፊታቸው እንዴት ፈክቶ እንደነበር አልረሳውም፤ ከእሳቸው ክፍል አንዲት ሴት መማሯ ያኮራቸው ይመስል ነበር። የእኔ ስህተት ያችን ደብዳቤ ማምጣቴ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ማዕከልዎ ከዚያ ቀን ጀምሮ የድጋፍ ደብዳቤ ያመጣን ተማሪ ሁሉ እንደ መሥሪያ ቤቱ ዕቃ ይቆጥራል። የታረመ ወረቀት ሁሉ በአለቃ በኩል ይመለሳል። ውጤቴን ከእኔ ቀድመው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ዘጠኝ ያገኘሁባትን ወረቀት ሲሰጡኝ ‹አማትሽ ግን እውነት እንዲህ ናቸው?› ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያኔ ሳቅኩ። መሳቄ ዛሬ ይቆጨኛል።

አራተኛ። በዘንድሮው የማኅበራዊ ጥናት ዘዴ ትምህርት፣ በሥራ ቦታ ስላለ ሥልጣን ስድስት ሰዎች አነጋግረን እንድንጽፍ ታዘዝን። ምዕራፍ አራትን፣ የጥናት ሥነ ምግባር የሚለውን፣ በቃሌ ልወጣልዎ እችላለሁ። መረጃ ሰጪ በስሙ አይጠራም፤ ቁጥር ይሰጠዋል። መረጃ ሰጪ በተናገረው ቃል ጉዳት አይደርስበትም። የቁጥሮቹና የስሞቹ ዝርዝር በፖስታ ታሽጎ ‹ታማኝ በሆነ አካል› ዘንድ ይቀመጣል። ታማኙ አካል ማን እንደሆነ ቅንፍ ውስጥ ተጽፏል፤ ማዕከሉ ነው።

እኔም እንደታዘዝኩት አደረግሁ። ሴቶቹን አንድ በአንድ ከማድረቂያው ማሽን ጀርባ፣ ድምፅ ድምፅን በሚውጥበት ቦታ፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጬ ጠየቅኋቸው። የፈቃድ መጠየቂያውን ሳነብላት ቁጥር ሁለት ‹ምነው፣ ልትድሪኝ ነው እንዴ?› ብላ ሳቀችብኝ። ቁጥር ሦስት ክረምት ክረምት ገና ከማድረቂያ በወጣ አንሶላ ክምር ላይ ጋደም እንደምትል ነገረችኝ። ቁጥር አራት አለቃችን በአምስት ዓመት ውስጥ የቆሻሻ ልብስ መለያውን ክፍል ደፍ አንዴም ሲሻገሩ እንዳላየች፣ ሁልጊዜ በሩ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው እንደሚያዙ ተናገረች። ጥቃቅን ነገር ነው፤ ግን ለእነሱ የሦስት ወር ውላቸው ነው።

ቁጥር ስድስት ግን ሌላ ነገር ተናገረች። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የመጣ አንሶላ ስትዘረጋ፣ እጥፋቱ ውስጥ የቀረ ያገለገለ መርፌ የግራ እጇን አውራ ጣት ወጋት። ወፍራም ጓንት ከጠየቅን ስምንት ወር ሞልቶን ነበር። ለማንም አላመለከተችም፤ አለቃችን ቀደም ብለው በስብሰባ ላይ ‹የአደጋ መዝገብ የተከፈተ ቀን የአንድ ሰው ውል ይዘጋል› ብለው ነበርና። በመዝገብ ላይ ያልሰፈረች ሠራተኛ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር ያለበትን የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ከሠራተኞች ክሊኒክ አታገኝም። ሦስቱ ቀናት አለፉ። የቀራት በሦስተኛው ወር ደሟን ተመርምራ የሚመጣውን መቀበል ብቻ ነበር።

ስድስቱን ስሞች በፖስታ አሽጌ፣ ማሸጊያው ላይ ፈርሜ፣ ለአስተባባሪዎ በእጁ ሰጠሁት። እሱም የብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገባውና ቆለፈው፤ ቁልፉንም ከቁም ሣጥኑ ጎን ባለች ምስማር ላይ ሰቀለው።

አምስተኛ። ወረቀቴ ታርሞ እንደ ልማዱ በአለቃችን በኩል መጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ነጥብ የሚቀነስብኝም ከሆነ ይቀነስ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ አለቃችን ወረቀቴን ጠቅልለው በእጃቸው ይዘው ገቡ። አልጮኹም። ቢጮኹ በተሻለን፤ ጩኸታቸውን ለምደነዋል። በማሽኖቹ መካከል ቀስ ብለው ተራመዱ፣ ማድረቂያውን ራሳቸው አጠፉ፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል በለሆሳስ ‹ቁጥር ስድስት እጇን ታሳየኝ› አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ እኛን በረድፍ አቁመው የእያንዳንዳችንን ግራ አውራ ጣት እያነሱ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዩ ጀመር። ከሁለት ወር በፊት የገባ የመርፌ ቀዳዳ እንደማይታይ አያውቁም፤ መርፌ ወግቷቸው አያውቅማ። እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን አላነሱትም። ‹አንቺማ ጸሐፊዋ ነሽ› ብለው ፈገግ አሉና አለፉኝ።

ከእኔ ቀጥሎ የቆሙት እትዬ ካውያ ናቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስለተኮሱ ነው ይህን ስም ያወጣንላቸው። የዚያን ሳምንት ካውያው ግራ አውራ ጣታቸውን ልጦት በጨርቅ ጠቅልለውት ነበር። አለቃችን ጨርቁን አዩት፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ እጅ አላዩም።

በማግስቱ ቢሯቸው ጠርተው በታይፕ የተጻፈ ወረቀት አቀረቡላቸው። ‹እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው፣ ምንም ዓይነት መርፌ ያልወጋኝ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ› ይላል፤ ባዶው የስምና የፊርማው ቦታ ብቻ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ለእትዬ ካውያ ይህ ወረቀት እውነት ነው። መርፌ አልወጋቸውም፤ ቁጥር ስድስት አይደሉም፤ ቁጥር ስድስት ማን እንደሆነች የማውቅ እኔ እመሰክራለሁ። ቢፈርሙት ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ያበቃ ነበር፤ ውላቸውም ይታደስ ነበር። አልፈርምም አሉ። ለምን ሲባሉ ደግሞ ለምን እንደሆነ አልናገርም አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከካውያው ተነስተው ወደ ቆሻሻ ልብስ መለያው ተዛውረዋል፤ ቆዳው በተላጠ ጣት፣ ያለ ጓንት፣ መርፌ ወዳለበት አንሶላ። ውላቸው በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። አንድ ቀን ሰው እስኪወጣ ጠብቄ ልረዳቸው ገባሁ። ቀና ብለውም አላዩኝ፤ ‹ሂጂ፣ ትምህርትሽን ጨርሺ› ነው ያሉኝ።

አለቃችን ግን እርግጠኛ መሆን ይፈልጋሉ። የቅዳሜ ፈቃዴ ተሰርዟል፤ ሆኖም አልሰደቡኝም፣ ከሥራም አላባረሩኝም። ጠዋት ጠዋት ‹ጸሐፊዋ እንዴት አደርሽ?› ይሉኛል። ቁጥር ስድስትን በስሟ ብጠራላቸው ውሌ የዓመት እንደሚሆን በጨዋ ደንብ ነግረውኛል። እኔ አልናገር ስል ማዕከልዎን በደብዳቤ ጠየቁ፤ ‹ለሥራ ጉዳይ ስለሚፈለግ የመረጃ ሰጪዎቹ ስም ያለበት ፖስታ ይላክልን› የሚል። ማዕከሉም ‹ታማኝ አካል› ነውና እንቢ አላለም፤ የእርስዎ ፊርማ ብቻ እንደሚቀረው፣ ሐሙስ ዕለት ፈርመው እንደሚልኩት አስተባባሪው በትህትና ገልጾልኛል። የቀኝ እጅዎ ያሳሰበኝ ስለዚህ ነው።

ስለ ቁጥር ስድስት ማንነት ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ የኔ ነቅዟል። አንዲት አሮጊት በእኔ ፈንታ እጃቸውን ቆሻሻ ውስጥ ሲያስገቡ እያየሁ፣ የምርምር ሥነ ምግባር አላፈርስም እያልኩ ለራሴ ስዋሽ ቆይቻለሁ። የሥነ ምግባር ጉዳይ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥር ስድስት እኔ ነኝ።

ከሠላሳው ዘጠኝ ያገኘች ሴት ምን ታድርግ? መርፌው የወጋኝ የቤት ሥራውን በጀመርኩ በሳምንቱ ነው። ስለ ሥራ ቦታ ሥልጣን ከዚህ የበለጠ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ እንዳልጽፈው ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ተከልክያለሁ። ስለዚህ እንደታዘዝኩት መረጃ ሰጪ አቀረብኩ። ከማድረቂያው ጀርባ ባልዲው ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ራሴን ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ለራሴ ፈቀድኩ፣ ስሜ እንደማይወጣና ጉዳት እንደማይደርስብኝ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስሜንም ከስድስቱ ስሞች መጨረሻ አስፍሬ አሸግሁት። አለቃችንም እጄን ሳያዩ ያለፉኝ በእናንተው ሕግ ነው፤ የሚጽፍና የሚደርስበት ሰው አንድ አይሆንም ብለው አምነዋል።

ያን ቀን አጠገቤ የነበሩት እትዬ ካውያ ብቻ ናቸው። ጣቴን ይዘው ደሙ እስኪጠራ ጨምቀው፣ ከተቀደደ አንሶላ ጫፍ ቀደው ያሰሩልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ‹መርፌ አልወጋኝም› ብለው ቢፈርሙ ቀጥሎ የሚፈለገው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው እውነተኛውን ወረቀት ያልፈረሙት። ትምህርትሽን ጨርሺ ማለታቸውም ይኸው ነው፤ እሳቸው የሚሸከሙልኝ እኔ እንድጨርስ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ማኅበራዊ ትስስር ባለፈው ዓመት ሃያ ሰባት ያገኘሁ ሴት ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ በፊት ያነበበው ባለቤቴ ነው። ፈተና ደርሷል እያልኩ ሳሎን መተኛት ከጀመርኩ ሰባ ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል፤ ምስኪኑ ትምህርቱ እንዲህ ከባድ ነው እንዴ እያለ ሻይ ያፈላልኝ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ‹ቀድሞ ለእኔ ነበር የሚነገረው› አለኝ። ልክ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ የሆነው በእኔ ጥፋት ነው። ከአልጋችን ላይ ትራሱን አንስቶ እኔ ወደምተኛበት ሳሎን መጣ።

ትናንት ጠዋት አለቃችን ቢሮ ገባሁና ከመስኮቱ ደፍ ላይ የአደጋ መዝገቡን አወረድኩ። ከገዙት ጀምሮ አልተከፈተም፤ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ ስሜን፣ ቀኑንና የግራ እጄን አውራ ጣት ጻፍኩ። እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ ያዩኝ ነበር። አላስቆሙኝም። ጽፌ ስጨርስ ‹በሩን ዝጊልኝ› አሉና ስልኩን አነሱ። ለማን እንደደወሉ አላውቅም፤ ዛሬም ሲያዩኝ ‹ጸሐፊዋ› አላሉኝም፤ በስሜ ነው የጠሩኝ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የሚፈለገው ቁጥር ስድስት ነበር፤ ይኸው በአደባባይ ሰጥቻችኋለሁ። ፖስታው ውስጥ የቀሩት አምስት ስሞች ለማንም የሥራ ጉዳይ አይሆኑም፤ ከማሽን ጀርባ አምነውኝ የተቀመጡ አምስት ሴቶች ናቸው። ፖስታው ሳይከፈት፣ በመሥሪያ ቤቴ በኩል ሳይሆን በእጄ፣ ይመለስልኝ። እትዬ ካውያም ወደ ካውያቸው እንዲመለሱ ለሆስፒታሉ አንድ መስመር ይጻፉልኝ፤ በእናንተ ጥፋት ወደዚያ እንደገቡ ማመን እንኳ ባይሆንልዎ፣ ለመጻፍ የሚሆን ወረቀት እንደማያጡ አውቃለሁ። እኔን በተመለከተ፣ ራሴን እንደ መረጃ ሰጪ አድርጌ ተቋሙን ስላታለልኩ ዜሮ ይስጡኝ። ዜሮውን በማን በኩል እንደሚልኩት አይጨነቁ፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ለመማር ማስተማሩ መቃናት ሲል ለሚደክመው ቀኝ እጅዎ ከሐሙስ ጀምሮ ረጅም ዕረፍት እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮትና በሚገባዎ ርቀት ቆሜ እሰናበታለሁ።

የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ፣
የአራተኛ ዓመት የሶሺዮሎጂ ተማሪ፣
ቀድሞ መረጃ ሰጪ ቁጥር ስድስት

ማስታወሻ፦ ለካስ ረስቼው፣ አራሚዎ ከወረቀቴ ኅዳግ ላይ፣ በዚያችው በቀይ እስክሪብቶ፣ ‹የቁጥር ስድስት ቃል የተጋነነ ስለሚመስል ተዓማኒ አይደለም፤ ተመልሰው ይጠይቋት› ብለው ነበር። ትዕዛዝ አክባሪ ነኝና ተመልሼ ጠየቅኋት። ያንኑ ነው የምትለው። የደም ምርመራዋ ውጤት በአሥራ አንድ ቀን ይደርሳል፤ እስከዚያ ድረስ እርማቱን እንዳያጸድቁት ትለምናለች።